ስሜ ሳይጠራ ቀረ፤ ለምን ከፋኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ስለሆነ እስካሁን የምንገለገለው በመቃኞ፣ ማለትም ሕንፃው እስኪሠራ በቆመ ጊዜያዊ ቤት ነው። ለሕንፃው ገንዘብ ለማሰባሰብ ከብሎክ ብሎክ ስዞር ከረምኩ። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ሳልገባ የሰው በር ሳንኳኳ የመሸበት ቀን ብዙ ነው። በቅርቡ ሰበካ ጉባኤው ለደከሙ ሰዎች የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ግን ስሜ ሳይጠራ ቀረ። በጣም ከፋኝ። ስለከፋኝም በራሴ አፈርኩ። ሰው ሲያመሰግነኝ «ኧረ እኔ ምን አደረግኩ፣ እግዚአብሔር ነው» እላለሁ፤ ውስጤ ግን ደስ ይለዋል። ይሄ ግብዝነት አይደለም? ከኮሚቴው ብወጣ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ድካምሽን ይቁጠርልሽ።

የደከመ ሰው ሲረሳ ይከፋዋል። አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ፈተና፣ የሰው ምስጋና መሻት፣ ደግሞ የሚመጣው መልካም የሚሠራ ሰው ላይ ነው፤ ምንም የማይሠራውን በምን ይፈትነዋል? ስለዚህ ስሜቱ ስለመጣብሽ ብቻ ወደቅኩ አትበዪ። የሚያስፈራው ቂም ሆኖ ሲቀመጥ፣ «ከእንግዲህ ማን ይለፋል!» ሲያሰኝሽ ነው።

«እኔ ምን አደረግኩ» የምትዪውን ግን ተዪው። አድርገሻል እኮ! በር አንኳኩተሻል፣ ፊት ተነሥተሻል፣ ደረጃ ወጥተሽ ወርደሻል። ትሕትና የሠሩትን መካድ አይጠይቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ከሁላቸው ይልቅ ግን ደከምሁ» ብሎ ጻፈላቸው። ቀጥሎ ደግሞ ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አለ (1ኛ ቆሮ. 15፥10)። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ድካሙን አልደበቀም፤ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ግን አልረሳም።

ንጉሥ ዳዊትንም ተመልከቺው። ለቤተ መቅደሱ ወርቅና ብር ተሰብስቦ፣ ሕዝቡ ደስ ብሎት ከሰጠ በኋላ ዳዊት የጸለየው እንዲህ ብሎ ነው፦ ይህን ልናቀርብልህ እኔ ማን ነኝ፣ ሕዝቤስ ማን ነው? ሁሉ ከአንተ ነው፤ ከእጅህ የተቀበልነውን ሰጠንህ (1ኛ ዜና 29፥14)። የሕንፃ ገንዘብ ለምትሰበስብ ሴት ከዚህ የሚቀርብ ጸሎት አላውቅም። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ጸልዪው። ደረጃውን የወጣሽበት ጉልበት የማን ነው? በሩን ከፍቶ ከደመወዙ ያካፈለሽን ሰው ልቡን ማን አራራው? ይህን በእውነት ስታስቢ «እግዚአብሔር ነው» የሚለው ቃል ከልብሽ ይወጣል።

ሰው ሲያመሰግንሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙ ሆነን ነው የሠራነው» በይና ወደ ሌላ ወሬ እለፊ። አጭር ይሁን። «እኔ ከንቱ፣ እኔ ኃጢአተኛ» እያልን ስናስረዝመው ሰውዬው «ኧረ አይደለም!» ብሎ ደግሞ እንዲያመሰግነን እየጋበዝነው ነው። ውስጥሽ ደስ ካለው እዚያው ለጌታ ስጪው። ደስታው ኃጢአት አይደለም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላ ነገር አለ። ጌታ ምጽዋትን በስውር አድርጉ ብሏል (ማቴ. 6፥1-4)። በዚያው በተራራው ስብከት ደግሞ ሰዎች መልካሙን ሥራችሁን አይተው አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ ይብራ ብሏል (ማቴ. 5፥16)። መለያው ሰው አይቶ ማንን አመሰገነ የሚለው ነው። ስለቷ ሠምሮ በማይክ ፊት የምትመሰክር እናት ስለታየች አልታበየችም። ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱም በታላቅ ድምፅ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ተመልሷል፤ ጌታም ዘጠኙ ወዴት አሉ አለ እንጂ ድምፅህን ቀንስ አላለውም (ሉቃ. 17)።

ይህን የሚያነቡ የሰበካ ጉባኤ አባላት ካሉ እነርሱንም አንድ ነገር ልበላቸው። «ዋጋውን ከላይ ያገኛል» ብሎ የደከመን ሰው ሳያመሰግኑ መቅረት ለእግዚአብሔር ክብር መስጠት አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 16ኛ ምዕራፍ ፌቤንን፣ ጵርስቅላንና አቂላን፣ ማርያን፣ ሌሎችንም ብዙዎች በስማቸው እየጠራ ድካማቸውን መስክሮላቸዋል። ለራስ ክብር አለመፈለግ አንድ ነገር ነው፤ የወንድምንና የእህትን ድካም መዘንጋት ሌላ ነው።

ከኮሚቴው አትውጪ። አሁን ከወጣሽ ያስወጣሽ ኩርፊያ ነው፤ ትሕትና አይደለም። ቅሬታሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ጸሎትም ይስጡሽ። ከዚህ ሥራ ውጪ ደግሞ ከእርሳቸው በቀር ማንም የማያውቀው አንድ መልካም ነገር ያዢ፤ የአንዲት አሮጊት ጎረቤትሽን ውኃ መቅዳት ሊሆን ይችላል። ለኮሚቴው ሰብሳቢም በሚቀጥለው ጊዜ ለግንበኞቹ ምሳ የሚያበስሉት እናቶች ስም እንዳይቀር አስታውሺው። የራስሽን ስም ግን አታንሺ።