ስልክ ሙሉ ፎቶ ይዤ ለምን ይከፋኛል?

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች 3 ዓመት ሆናት። ፎቶዎቿ ስልኬን ሞልተውታል። ማታ ማታ ልጽናና ብዬ ስከፍታቸው እንባ ይቀድመኛል። የቤተሰብ ፎቶ መንፈስ ያድሳል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔን ለምን ያስከፋኛል?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ ሰዓቱና ብዛቱ ነው የጎዳዎት። ማታ፣ ደክሞዎት፣ ብቻዎን ሆነው መቶ ፎቶ በጣት እየገፉ ሲያሳልፉ አንዱም ትዝታ ለመምጣት ፋታ አያገኝም፤ የሚቀረው «የለችም» የሚለው ብቻ ነው። አንዱ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቆዩ ግን የዚያ ቀን ወሬና ሳቅ ተከትሎ ይመጣል።

ስለዚህ አራት ወይም አምስት ብቻ ይምረጡ። የምረቃውና የሠርጉ ለጊዜው ይቆይ፤ ሁሉም ተስተካክሎ ስለቆመ የሚያስወራው ጥቂት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ስትቆላ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ከጭሱ ዓይኗን ጨፍና ድንገት የተነሳችው ይበልጣል። ጠርዙ ላይ የታናሽ ወንድሟ እጅ ወደ ቆሎው ሲዘረጋ ከታየማ፣ አደራ እንዳያስቆርጡት! ወሬው ያለው እዚያ ነው።

ፎቶ ቤት ወስደው በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ያሳጥቧቸው። በቴሌግራም የሚላክ ካለ በፋይል ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ፣ ሲያስተልቁት ይደበዝዛል። ፍሬም ካስገቡት መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካው ዙሪያውን ካርቶን ይደረግለት። በደሴ ክረምት እርጥበት ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ፣ ሲላቀቅ የፎቶው ፊት ተልጦ ይቀራል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይስቀሉት፣ ቀለሙ ይነጣል። ቡፌው ላይ፣ ሲቀመጡ ከዓይንዎ ትክክል ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ይቀያይሩት፤ የለመዱትን ዓይን ያልፈዋል።

ማየቱን ወደ ቡና ሰዓት ያምጡት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ አንዱን አንስተው ለጎረቤት ያውሩት፤ ብቻን ማየትና ለሰው እያወሩ ማየት በጣም ይለያያሉ። እንባ ቢመጣም አይፍሩት፣ ናፍቆት ነው። ነገር ግን ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ካልለቀቀዎት፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለዎት፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል።

ያንኑ የቡና ፎቶ ለልጅዎም ይላኩላትና «ያን ቀን ማን ነበር ቆሎውን የጨረሰው?» ብለው ይጠይቋት።