ለቶዮታ 86 ባለ 18 ኢንች ቸርኬ?

ያገለገለ ቶዮታ 86 ገዝተህ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ «18 ኢንች ቸርኬ ልግጠምለት?» ላልከው ወንድሜ፦ እኔ ብሆን አልገጥምም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ በ17 ኢንች ከሆነ ጎማው 215/45 ነው (ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ)፤ የጎማው ግድግዳ ቁመት 97 ሚሊ ሜትር ገደማ። በ18 ኢንች 215/40 ስታስር 86 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀርሃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ በተሸበሸበው አስፋልት ላይ የቸርኬው ጠርዝ ይጎብጣል። ውበቱ እስከ ደጀን ነው!

ይልቅ 16 ኢንች በ205/55 ፈልግ፤ ጃፓን ውስጥ አንዳንዱ 86 በዚሁ ልክ ተሸጧል። ሻጩ «አምስት ብሎን ነው፣ ይገባል» ቢልህ አትመነው። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የቶዮታ ራቭ ፎር ቸርኬ 114.3 ስለሆነ አይገባም። የመሃሉ ቀዳዳ ከ56.1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ማጥበቢያ ቀለበት አስገባበት፤ አለዚያ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከመክፈልህ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው፤ ተበይዶ የተቀባ ከሆነ እዚያ ጋ ይሻክርሃል።