ከቃለ መሐላው በኋላ፦ ፓስፖርቱ አያስቸኩልሽ

እህቴ፣ «ሐሙስ አሜሪካዊ ዜጋ ለመሆን ቃለ መሐላ እፈጽማለሁ፤ ለመምረጥ ሌላ የሚቀረኝ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንኳን ደስ ያለሽ! አለ እንጂ። እኔ በመጀመሪያው ምርጫዬ ጉድ ስለሆንኩ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. እስከ ሐሙስ የመራጭነት ፎርም የሚባል እንዳትፈርሚ። ከመሐላው በፊት መመዝገብ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

2. በመሐላው የሚሰጥሽን የዜግነት ሰርተፊኬት እንደተቀበልሽ ስምሽን ፊደል በፊደል አንብቢ። ከዚያ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደሽ ዜጋ መሆንሽን አስመዝግቢ። ፓስፖርቱ ይቆይ። ዋናው ሰርተፊኬት ከማመልከቻው ጋር ስለሚላክ እስኪመለስ ድረስ ባዶ እጅሽን ነሽ።

እኔ ትኬት ቆርጬ ስለነበር በማግስቱ ላክሁት። የመራጭነት ፎርሙን የመሐላው ዕለት ሞልቻለሁ፤ በቃ አለቀ ብዬ ፓስፖርቱ እንደመጣ አገር ቤት ሄድኩ። ሁለት ወር ቆይቼ ስመለስ የፖስታ ሳጥኔ በፒዛ ማስታወቂያ ታጭቋል። ሰብስቤ ጣልኩት።

የምርጫው ዕለት ፈቃድ ጠይቄ፣ ሱፌን ግጥም አድርጌ ተሰለፍኩ። ስሜ የለም! ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀት ሰጡኝና ማስረጃ ካመጣህ ይቆጠራል አሉኝ። በማግስቱ የምርጫ ቢሮው ሄድኩ። ሴትየዋ ሰርተፊኬቱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አገላበጠችው። ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። «ይሄ አንተ ነህ?» ፂሜን የተላጨሁበትን ቀን ረገምኩ። ለካ ፎርሜን ሲያመሳክሩት የመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ላይ ገና ግሪን ካርድ ያዥ ነበርኩ። «ደብዳቤ ልከንልህ ነበር» አለችኝ ቀና እንኳ ሳትል። ከፒዛው ጋር ጥዬው ነው።

3. ስለዚህ ፖስታሽን ክፈቺ። የጁሪ ጥሪም (ፍርድ ቤት ተቀምጠሽ በክስ ላይ እንድትወስኚ የሚጠሩሽ) በፖስታ ነው የሚመጣው፤ ዝም ብትዪ ፍርድ ቤት ይፈልግሻል።

4. ፕሬዚዳንት እስኪመረጥ አትጠብቂ። እኔ አሁን የትምህርት ቦርድ ስብሰባ አይቀረኝም። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። በዚች እንግሊዝኛዬ፣ ወረቀቱ በእጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ማቆሚያ ከዋናው መንገድ ማዶ መሆኑን ተናገርኩ። ሁለት ወላጆች ተነስተው ደገፉኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ እኛ በኩል አዛወሩት። ልጄ ግን አሁንም አውቶቡሱ ያመልጠዋል።