ፎቶዎቹ ለምን ተደራረቡ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ጀርመን፣ ላይፕዚግ ነው። በቅርቡ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ፔንታኮን ሲክስ ካሜራ ገዛሁ። ሻጩ «ምንም እንከን የለውም» ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ፊልም የልጄ ክርስትና ላይ አነሳሁበት። ታጥቦ ሲመጣ አራተኛውና አምስተኛው ፎቶ ጫፋቸው ተደራርቧል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ደግሞ ጭራሽ እርስ በርስ ተጋብተው የቄሱ መስቀል እናቴ ፊት ላይ አርፏል። የሌሎቹም ክፍተት አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ካሜራው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት? ልመልሰው ወይስ ላሠራው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ልጅህን ያሳድግልህ። ክርስትና ሁለቴ አይነሳም፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ካሜራውን ለመመለስ አትቸኩል። በዚህ ካሜራ የፎቶ መደራረብ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም መነሻው የውስጥ ብልሽት ሳይሆን ፊልሙ የገባበት መንገድ ነው። ያንተም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራህ የሚጠቀመው 120 ፊልም፣ ማለትም ከጀርባው ወረቀት ተደርቦበት የሚጠቀለለው ሰፊ ፊልም፣ እንደ 35 ሚሊሜትሩ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ካሜራው በጥርስ ይዞ እየቆጠረ ሊስበው አይችልም። በድሮዎቹ ካሜራዎች ሰው በጀርባቸው ባለች ቀይ መስኮት ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር እያየ ነበር የሚያዞረው። ድሬስደን ውስጥ የተሠራው ፔንታኮን ሲክስ ግን ይቺ ቀይ መስኮት የለችውም። በምትኩ ፊልሙ ሲያልፍ የሚያዞረው ሮለር አለ፤ ሮለሩ የሚበቃውን ያህል ሲዞር ፊልሙን የምትስብበት ማንሻ ይቆማል። ካሜራው የሚያውቀው የሮለሩን ዙር ብቻ ነው፣ ፊልሙን አያየውም።

ስለዚህ ፊልሙ ላላ ብሎ ከተቀመጠ ሮለሩ የሚቆጥረው የላላውን ነው። ማንሻው ይቆማል፣ ከሌንሱ ጀርባ ብርሃን በሚገባበት የውስጥ መስኮት ፊት ያለው ፊልም ግን የሚገባውን ያህል አልሄደም፤ ቀጣዩ ፎቶ በቀደመው ላይ ያርፋል። ተቃራኒውም አለ። ሮለሩ ቅባት ወይም አቧራ ይዞ ፊልሙ ላዩ ላይ ከተንሸራተተ ሳይቆጠር ብዙ ፊልም ያልፋል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ 12 ፎቶ ሳይሞላም ፊልሙ ያልቃል። ቦታ እንደሆነ አልጠበበህም፦ አንዱ ፎቶ 56 ሚሊሜትር ነው፣ 12ቱ ሲደመሩ 67 ሴንቲሜትር ገደማ፤ ፊልሙ ደግሞ ከ80 ሴንቲሜትር ያልፋል።

ያንተ ላይ ሁለቱም ስለሚታይ ሮለሩን በጥጥና በአልኮል ጥርግ አድርገው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አገባብህን አስተካክል። የወረቀቱን ጫፍ ባዶው ስፑል (ፊልሙ የሚጠቀለልበት እንዝርት) ስንጥቅ ውስጥ ቀጥ አድርገህ አስገባ፤ ከተጣመመ መጨረሻው ድረስ እንደተጣመመ ነው የሚሄደው። ስታዞር የሌላኛውን እጅህን አውራ ጣት ሙሉው ጥቅል ላይ ጫን አድርግና ፊልሙ ተወጥሮ ይሂድ። የወረቀቱ ቀስት ከካሜራው መነሻ ምልክት ጋር ሲገጥም አቁመህ ክዳኑን ዝጋ። ይቺ የአውራ ጣት ነገር ቀላል ትመስላለች፤ ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው።

ማንሻውን በተመለከተ አደራ እልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ባንድ ጊዜ ሳበው፣ እየቆራረጥክ አትሳብ። ስትመልሰው ደግሞ እጅህ አይለየው፣ በራሱ ተፈናጥሮ እንዲመለስ በፍጹም አትልቀቀው። ያ መፈናጠር ውስጡን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። የፊተኛው ባለቤት እንዴት ይዞት እንደነበር ደግሞ ማን ያውቃል፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ነው፣ የመጨረሻዎቹ እንኳ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አሁን ሌላ ክርስትና ሳታበላሽ የምትፈትንበትን ዘዴ ልንገርህ። ጊዜው ያለፈበት ርካሽ ፊልም ፈልግና እንዳልኩህ አስገባው። ሌንሱን አውልቅ፣ ሻተሩን (ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደውን መጋረጃ) «ቢ» ላይ አድርግ። ተጭነህ ስትይዘው መስታወቱ ይነሳል፣ መጋረጃው ይከፈታል፣ ፊልሙ ፊት ለፊትህ ይታያል። በቀጭን ማርከር የውስጡን መስኮት አራት ጠርዞች ፊልሙ ላይ በቀስታ አስምር፣ መሃሉ ላይ ቁጥሩን ጻፍ። መልቀቂያውን ከመተውህ በፊት ማርከሩን ማውጣትህን እርግጠኛ ሁን፣ መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ቢይዘው ሌላ ጣጣ ነው። እስከ 12 ድረስ እንዲሁ ቀጥል፣ ከዚያ ፊልሙን አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋና በማስመሪያ ለካ። ያንኑ ፊልም መልሰህ መጠቀም ትችላለህ፣ ግን ፊልሙ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው በመነሻ ጫፉ ብቻ ስለሆነ መልሰህ ስትጠቀልለው እዚያ ጋ ያብጣል። ልጣፉን አንስተህ እንደገና ካላስተካከልከው እብጠቱ ራሱ ልኬቱን ያዛባብሃል።

ክፍተቶቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ገላገለህ፣ ካሜራውን ያዘው፤ ጥቂት ሚሊሜትር መለያየት በዚህ ካሜራ አያስጨንቅም። በጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ሞክረህ አሁንም ከተደራረበ ግን የውስጡ መዘውር ነው፣ እሱ ቤት ውስጥ የሚነካ አይደለም። ጀርመን እንደመሆንህ ይህን ሞዴል የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት አያቅትህም። ከመስጠትህ በፊት ዋጋ ጠይቅና ካሜራው ከተገዛበት ጋር አስተያየው፤ ጥገናው የሚበልጥ ከሆነና ሻጩ የሚገኝ ከሆነ ያሰመርክበትን ፊልም ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ችግሩ እስኪለይ ፊልም ስታሳጥብ ላቦራቶሪውን «እንዳትቆርጡት» በላቸው። እኩል ክፍተት ጠብቀው ሲቆርጡ የዳነውንም ፎቶ መሃል ለመሃል ሊከፍሉት ይችላሉ። የተደራረበው ክፍል መቼም አይለያይም። አራተኛውንና አምስተኛውን ግን ጫፋቸውን ቆርጠህ ማሳተም ትችላለህ። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን አንድ ላይ ባንድ ሰፊ ምስል ስካን አስደርጋቸው፣ ለእናትህም አሳያት፤ የልጅ ልጇ ክርስትና ላይ መስቀል ያረፈበትን ፊቷን እሷ እንደ ብልሽት የምታየው አይመስለኝም።