ድመቱ ሶፋ ላይ ሸና፦ ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ጋሼ፦ እንደምን ዋላችሁ። በቃሌ መሠረት መጥቻለሁ። ዶክተር የምትሉኝ ልጆች እባካችሁ ተዉኝ። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከላምና ከበግ ጋር ነው። ድመት ግን ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። አሁንም 4 አሉኝ።

ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉ። ወንድ ነው ሴት? ተኮላሽቷል አልተኮላሸም? ዕድሜው ስንት ነው? የት የት ሸና? «ድመቴ ትሸናለች» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ መልስ የለኝም። የማይሸና ድመት የለም።

ሌላው፣ በረኪና አታፍስሱ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

ናቲ ከጀሞ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ወንዱ ድመቴ ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ እየዞረ እየሸና አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

የውሮ እናት፦ ጋሼ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ወንድ ነው፣ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ አልተኮላሸም። መጋረጃው ላይ፣ መግቢያው በር ላይና ባለቤቴ ጫማ ላይ ነው የሚሸናው። ባለቤቴ በፊት አንዴ መትቶት ስለነበር «ቂም ይዞብኛል» ይላል። እውነት ድመት ቂም ይይዛል?

ጋሼ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ሁሉም ነገር አለው። ልጄ፣ ያንቺ ድመት እየሸና አይደለም። እየረጨ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

የሚሸና ድመት ቁጢጥ ይላል። ወለል፣ ፍራሽ ወይም የልብስ ክምር ይመርጣል። ብዙ ነው፣ ኩሬ ይሠራል። የሚረጭ ድመት ግን ቆሞ ነው። ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ያርገበግበዋል፣ በኋላ እግሩ መሬቱን ይረግጣል፣ ከዚያ ፊጭ! ጥቂት ናት። መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ታርፍና ወደ ታች ትንጠባጠባለች። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ዘወር ብሎ ይሄዳል።

መርጨት ማለት ለሌሎች ድመቶች የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። «ይህ ቤት ባለቤት አለው» ይላል። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ስንት ጎረምሳ ድመት እንደሚያድር አስቢ። ሽታቸው በበሩ ሥር ይገባል። ባለቤትሽም የረጩበትን ደረጃ ረግጦ፣ ሽታውን በጫማው ይዞ ይገባል። ድመቱ የራሱን ይደርብበታል። ቂም አይደለም፤ ጫማው ነው። ጫማውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበት፤ ድመቱን ደግሞ አይምታ። የፈራ ድመት የበለጠ ይረጫል።

ዋናው መፍትሔ ማኮላሸት ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ አብዛኞቹ ያቆማሉ። በአንድ ቀን ግን አይደለም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ከተኮላሹት መካከልም ከ10 አንዱ ገደማ መርጨቱን አይተውም። ሴትም ትረጫለች፣ ቁጥሯ ያንስ እንጂ። የሚሻለው ገና ከ5 እስከ 6 ወር ዕድሜው ላይ፣ ሳይለምድ ማኮላሸት ነው።

ስለ ሽታውም ልንገርሽ፣ ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው። የድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አለ። ያልተኮላሸ ወንድ በብዛት ያመርተዋል። ሲወጣ ብዙም አይሸትም። ቆይቶ ሲበሰብስ ነው ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ የሚመጣው። ለዚህ ነው ማታ የረጨው ጠዋት የሚብሰው። ከተኮላሸ በኋላ ፌሊኒኑ ስለሚቀንስ ሽታውም ይለዝባል።

ብሩክ፦ ማኮላሸት ስንት ብር ነው?

ጋሼ፦ ደውለህ ጠይቅ።

አባ መላ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ፍጥረትን ማጉደል ኃጢአት አይደለም ወይ? ደግሞስ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ተብሏል።

ሰላም ከሐዋሳ፦ አያትህ ያልተኮላሸ በሬ ጠምደው ነበር የሚያርሱት? ለፋሲካ የምትበላው ሙክትስ ከሰማይ ነው የወረደው?

አባ መላ፦ በሬ ለሥራ ነው፣ ሙክት ለምግብ ነው። ድመት ግን ለሶፋ ተብሎ?

ሰላም ከሐዋሳ፦ ሶፋው ስንት እንደተገዛ ብታውቅ እንዲህ አትልም።

አባ መላ፦ ድሮ ድመት አይጥ ይዛ ውጪ ታድር ነበር። ዛሬ ሶፋ ላይ አስቀምጣችሁ...

ጋሼ፦ የነፍስ ጥያቄ ለንስሐ አባታችሁ። በሙክቱ ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። ወደ ሽንቱ እንመለስ።

ቃል፦ ሴት ናት፣ 3 ዓመቷ፣ ተመክናለች። ምንጣፉ ላይ አንድ ቦታ መርጣ ሸናች። በበረኪና ፈትጌ አጠብኩት፣ እጣንም አጨስኩ። በማግስቱ እዚያው ተመልሳ ሸናች!

ጋሼ፦ በረኪና አልኩ! ቀድሜ ነበር የተናገርኩት።

አንደኛ፣ ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደጋው ላንቺም ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ድመቶችን የበረኪና ሽታ ይስባቸዋል። ሦስተኛ፣ ሽታውን የሚያቆየው ዩሪክ አሲድ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም። ላንቺ አፍንጫ ጠፍቷል፣ ለእሷ ግን አሁንም «ሽንት ቤት» የሚል ጽሑፍ እንደተለጠፈ ነው። እጣኑ ለእንግዳ ይጠቅማል፤ እሷን አያታልልም።

እንዲህ አድርጊ። ትኩስ ከሆነ በጨርቅ ተጫኚው እንጂ አትፈትጊው። በቀዝቃዛ ውኃ አጠቢ። ሙቅ ውኃ ሽታውን ያጣብቀዋል። ከዚያ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ። ለእንስሳት ሽንት የተሠራ ካገኘሽ እሰየው። ካጣሽ «ኢንዛይም» የሚል የተጻፈበት የልብስ ሳሙና ዱቄት በጥብጠሽ አርጥቢውና ቆይቶ ይታጠብ። ኢንዛይም ጊዜ ይፈልጋል፤ ወዲያው ከጠረግሽው ገንዘብሽን ነው የጠረግሽው። አቼቶ ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መጠቀምም ጥቂት ይረዳል፤ ኢንዛይሙን ግን አይተካም። ቦታው ከጠፋሽ ሱቅ ውስጥ ብር የሚፈተሽበትን ሐምራዊ መብራት ተዋሺና ማታ መብራት አጥፍተሽ አብሪው። የደረቀ ሽንት ያበራል። ስንት ቦታ እንዳለ ስታዪ ትደነግጫለሽ።

ዴቶል የምታፈሱም አላችሁ። አታፍስሱ። የድመት ጉበት እንዲህ ያለውን ኬሚካል ማስወገድ አይችልም። ትረግጠዋለች፣ እግሯን ትልሳለች፣ ትመረዛለች። «አሟት ነው» ብላችሁ ፓራሲታሞል የምትሰጡም፣ አንዲት ፍሬ ትገድላለች። ላምባም እንዲሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ፦ ጋሼ፣ ሁለት የተኮላሹ ወንድማማቾች ናቸው፣ 4 ዓመታቸው። አንዱ መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ ቁጢጥ ብሎ። የሽንት ሳጥናቸው ክዳን ያለው፣ ሽቶ ያለው አሸዋ የተሞላ፣ ቤዝመንት ውስጥ ድራየሩ (ልብስ ማድረቂያው) ጎን ነው። አፓርትመንቱ ዲፖዚቴን እንዳይቆርጠኝ ፈራሁ።

ጋሼ፦ ስለ ዲፖዚት አላውቅም። ስለ ሳጥኑ ግን መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ክዳን፣ ሽቶ፣ የሚጮህ ማሽን፣ ለሁለት ድመት አንድ ሳጥን። አንተስ እዚያ ትሸናለህ? ምናልባት አንዱ ወንድም ደረጃው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋበት ይሆናል። ሳይጣሉ፣ በዓይን ብቻ። ሰው አያስተውለውም።

ሕጉ የድመቶቹ ቁጥር ሲደመር አንድ ነው። ለሁለት ድመት 3፣ በተለያየ ክፍል። ጎን ለጎን ካስቀመጥካቸው እንደ አንድ ነው የሚቆጥሯቸው። የሳጥኑ ርዝመት የድመቱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ሽቶ የሌለው ደቃቅ አሸዋ፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር። በየቀኑ ይዛቅ። ያ የሚሸናውን ግን ሽንቱንም አስመርምርለት። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰፊ ሳፋ ይበቃችኋል። ደቃቅ የግንባታ አሸዋ ይሆናል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ሰጋቱራም አንዳንዶቹ ይወዳሉ።

ያገር ልጅ ከሚኒሶታ፦ በነገራችን ላይ አቢሲኒያን የምትባለው ድመት የኛ ናት አይደል? እዚህ አንዷ በብዙ ዶላር ነው የምትሸጠው።

ሰላም ከሐዋሳ፦ ስሟ ብቻ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ተወሰደች ይባላል። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚያመለክተው።

ያገር ልጅ ከሚኒሶታ፦ ታቦቱንም ወሰዱ፣ ድመቷንም ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ የናንተ አይደለችም ይበሉን?

አባ መላ፦ ድመቷም ትመለስልን!

ጋሼ፦ የማንም ትሁን፣ ምንጣፍ ላይ ከሸናች ሽታው አንድ ነው። ቀጥሉ።

ስሜ ይቆይ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማዳም ድመት ሴት ናት፣ ፐርሺያን፣ 13 ዓመቷ፣ ተመክናለች። ከሁለት ወር ወዲህ መታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ላይ ትሸናለች። ማዳም «ሳጥኑን ስለማታጸጂ ነው» ትለኛለች። እኔ በቀን ሁለቴ ነው የማጸዳው። ውኃም በጣም ትጠጣለች፣ ከቧንቧ ሥር አትጠፋም።

ጋሼ፦ አይዞሽ ልጄ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። ውኃ የምታበዛ አሮጊት ድመት ታማለች ማለት ነው። ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሽንቷ ስለሚበዛ ሳጥኑ ቶሎ ይረጥባል። ያኔ ለስላሳ ምንጣፍ ትመርጣለች።

ማዳምሽ እንድታምንሽ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ውኃውን ለክተሽ ስጪ፣ በማግስቱ የቀረውን ለኪ። ቧንቧው ይዘጋ። ሦስት ቀን ወረቀት ላይ ጻፊ። 4 ኪሎ የምትመዝን ጤነኛ ድመት በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር ብዙም አታልፍም። 400 ከደረሰች ወረቀቱን አሳዪያትና «ሐኪም ደምና ሽንቷን ይይ» በያት። እስከዚያ ውኃ ፈጽሞ አትከልክያት። ሳጥኑም ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሁን፤ በዚህ ዕድሜ ጉልበቷ ያማታል።

አንቺም ተጠንቀቂ። በዚያ ጠባብ መታጠቢያ ቤት በረኪናና ሌላ ማጽጃ አትቀላቅዪ። በር ከፍተሽ ሥሪ።

ስሜ ይቆይ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

ሜሮን፦ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ ድመቷን አስወጪ አሉኝ።

ጋሼ፦ አታስወጪያት። የሚያሰጋው በሰገራዋ የሚወጣው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ነው እንጂ ሽንቷ አይደለም። የጥገኛው እንቁላል ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ይዛቀው። ጥሬ ሥጋም ያው ጥገኛ ሊኖርበት ይችላል። አማትሽ ክትፎውንም ይከልክሉሽ። ሌላውን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጆኒ፦ ድመቴ ሶፋ ላይ ትሸናለች መፍትሔ?

ጋሼ፦ ...

ጆኒ፦ በበረኪና ልጠበው?

ጋሼ፦ ጆኒ፣ ማንበብ ትችላለህ?

የውሮ እናት፦ ጋሼ ደም ግፊትዎን! 😂

ናቲ ከጀሞ፦ ይቅርታ ጋሼ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። ወንድ ነው፣ 4 ዓመቱ፣ ተኮላሽቷል። ደረቅ ምግብ ብቻ ነው የሚበላው። ሳፋው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ጠብታ ናት የምትወጣው፣ ትንሽ ቀላ ያለች። ዛሬ ግን ጭራሽ አልወጣም። ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል። ከቀትር ወዲህ ማስታወክ ጀምሯል።

ጋሼ፦ ናቲ፣ ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም! እኔም ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ስማኝ። ሽንቱ ተዘግቷል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው፤ ደቃቅ ጠጠር ወይም ዝልግልግ ነገር ይደፍነዋል። የማይወጣው መርዝ ወደ ደም ይመለሳል፣ ፖታሲየሙ ሲጨምር ልብ ያቆማል። ከተዘጋ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማስታወክ ከጀመረ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ነገ ጠዋት አይባልም። አሁን ተነስ።

ናቲ ከጀሞ፦ ለሊቱን የተልባ ውኃ ብሰጠውስ?

ጋሼ፦ ምንም አትስጠው! ተልባም፣ ክኒንም። ሆዱንም አትጫን፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ለውሻና ለድመት ክሊኒኮች ደውል። «ሽንት የተዘጋበት ወንድ ድመት አለኝ፣ ቱቦ ታስገባላችሁ?» በል። አንችልም ካሉህ ወደሚቀጥለው ደውል። ከተማው ውስጥ ካጣህ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ አለ። ሌሎቻችሁ ስልክ ያላችሁ ላኩለት፣ ክርክሩን አቁሙ።

ሰላም ከሐዋሳ፦ ናቲ በውስጥ መስመር ሁለት ቁጥር ላኩልህ።

አባ መላ፦ እኔ ለቡ ነኝ፣ መኪና አለኝ። የት ልምጣ?

ናቲ ከጀሞ፦ ራይድ ይዣለሁ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። አንደኛው ክሊኒክ አምጣው ብሏል። ካርቶን ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ ካርቶኑን ብሳለት። ጋቢ አልብሰው፣ ይበርደዋል። ስትደርስ ጻፍልኝ፤ አልተኛም።