ጠያቂ ስትሆኑ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሦስት ሆናችሁ አስቆማችሁኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሆስፒታል ታማሚ ልንጠይቅ ነው። ልባቸው የተሰበረ ሰዎች አሉ። ምን ብለን ተስፋ እንስጣቸው?» አላችሁ። የጦሳ ተራራ ብርድ ጉልበቴን እየቆረጠመኝ ነበርና «ሂዱ ብቻ፣ እግዜር አፋችሁ ላይ ያኖርላችኋል» ብዬ አመለጥኳችሁ። ቤት ገብቼ ቡናዬን ስጠጣ ግን መልሴ አላማረኝም። ቶሎ ተነግሮ ቶሎ የሚያሰናብት መልስ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን መልስ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይኸው ልጻፍላችሁ።

እኔ ቄስም ሰባኪም አይደለሁም። እዚሁ ደሴ 31 ዓመት ስብራት ሳስር የኖርኩ ጡረተኛ ነርስ ነኝ። በድሬሰርነት ጀምሬ ጀሶ ክፍል ውስጥ አረጀሁ። የምነግራችሁም ከዚያው ክፍል ያገኘሁትን ነው።

በአማርኛችን ታማሚ ጋ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚባል ልብ ብላችኋል? መካሪ አይባልም። አጽናኝ እንኳ አይባልም። ጠያቂ ነው የሚባለው። ዘበኛው በር ላይ ሲያስቆማችሁ፣ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥላችሁ፣ «ጠያቂ ነን» ትላላችሁ። ጌታም በማቴዎስ 25 ላይ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ይላል። አልጋው ጋ ስንደርስ ግን አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ መልስ እናዘንባለን።

መፃጉዕን ታውቁታላችሁ፤ በየዓቢይ ጾሙ አንድ ሳምንት በስሙ ይጠራል። 38 ዓመት የታመመ ሰው ነው። ጌታ መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። ወጣት ሳለሁ ይህ ጥያቄ ይገርመኝ ነበር። 38 ዓመት የተኛ ሰው ምን ሊል ነው? ደግሞ ጠያቂው ሳይነግሩት የሚያውቅ ነው። በኋላ ግን የሰውየውን መልስ አስተዋልኩ። «አዎ» አላለም። «ሰው የለኝም» አለ። እግሩን ሲጠየቅ ብቸኝነቱን ተናገረ። ባይጠየቅ ኖሮ ያን ማን ይሰማው ነበር?

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪና ተገልብጦ አንዲት እናት አመጡልን። ክንዷ ተሰብሯል። አብሯት የነበረው ልጇ መንገድ ላይ አልፏል፤ እሷም አውቃለች። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። የጀሶውን ፋሻ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ በክንዷ አንድ ጎን አነጥፋለሁ። ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ። «እትዬ፣ እግዜር ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። አልተቆጣችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ያ ሙቀት መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። ክንዷ እጄ ላይ ነው፣ እሷ ግን ሄዳለች። ሥራዬን እስክጨርስ ወደ እኔ አልዞረችም።

ያን ቃል ለእሷ ብዬ እንዳልተናገርኩት የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለራሴ ነው የተናገርኩት። ዝምታው እንዲያልቅልኝ። እናንተም ቅዳሜ አፋችሁ ላይ አንድ የሚያምር ቃል ሲመጣ፣ ለማን እንደመጣ አንድ ጊዜ ጠይቁት።

አሁን የሙያዬን ነገር ላስገባ፤ ሽማግሌ ነኝና ታገሱኝ። አዲስ ስብራት ያብጣል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት። ስለዚህ ገና የተሰበረን እጅ ወዲያው ዙሪያውን በጀሶ መድፈን አደገኛ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ግማሽ ጀሶ እናስቀምጣለን፤ በፋሻ ለቀቅ አድርገን እናስራለን። እብጠቱ ቦታ ይፈልጋል። በሽተኛውን ወደ ቤቱ ስንሸኝ «ጣትህን እየው፤ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ በሌሊትም ቢሆን ና» እንለዋለን። ወጌሻን አላጣጥልም፤ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አውቃለሁ። ግን አጥብቀው በቀርከሃ የታሰሩ ልጆች እጃቸው ጠቁሮ ሲመጡም አይቻለሁ። ስብራቱ ይድን ነበር። እጁን ያስቆረጠው ማሰሪያው ነው። ያሠረውም ሰው እኮ ክፉ አስቦ አልነበረም።

«አታልቅሺ፣ እምነት የለሽም ወይ?» የሚለው ቃል እንዲያ ያለ ማሰሪያ ነው። «በኃጢአትህ ነው» የሚለውማ አይነሣ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ እንዴት ያሉ ወዳጆች ነበሩ! ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ ያውቃል። ግን መቃብሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አለቀሰ። ትንሣኤ በእጁ ያለው እሱ ካለቀሰ እኛ ምን ያስቸኩለናል?

በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከተማችን የደረሰባትን አስታውሱ፤ እናንተም ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ከዚያ በፊት ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ ነበር። ቀጥሎ እኛው ራሳችን በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ተሰደድን፤ እሷም ብዙ አላቆየችንም። ስንመለስ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ነበር። አንድ ወጣት እግሩን ላይለት ስጎነበስ «ጋሼ፣ እግዜር ያኔ የት ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅከው አንተ አይደለህም። ጌታም መስቀል ላይ ጠይቆታል» አልኩት። በስቅለት ዕለት እየሰገድን የምንሰማው «ኤሎሄ ኤሎሄ» ጥያቄ ነው፤ «ለምን ተውኸኝ» ነው። አርብ ጠየቀ፤ መልሱ እሑድ መጣ። መሃል ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለ። የምትጠይቋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ያሉት ቅዳሜው ላይ ነው። እናንተ የእሑዱን ዜና ታውቃላችሁ፣ ጥሩ። ቅዳሜውን ግን አትዝለሉባቸው።

ሌላ ነገር። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ታማሚዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ወሎ ነው ያላችሁት፤ ይህን ለእናንተ መንገር ነውር ይመስለኛል። ግን ልናገረው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ንግግራችሁ ባይጥመው ተነሥቶ መሄድ አይችልም። ጀሶ ላይ ያለ እግር ማምለጫ የለውም። በዚህ ሰው ላይ ስብከት መጫን ወንጌል ሳይሆን ጉልበት ነው። ለእሱም ለክርስቲያኑም እኩል ውኃ ቅዱ፣ ትራስ አስተካክሉ፣ ለቤተሰብ ስልክ ደውሉ። ልጸልይልህ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አይሆንም ሲላችሁ ደግሞ ፊታችሁ አይጥቆር።

ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ቅሬው፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ የሚገባውን አደረገ፤ እግዜር ይስጣቸው። አርባዋ ወጣ። ከዚያ ቤቱ ጭር አለ። የሰው ልጅ ሐዘን ግን በአርባ ቀን ያልቃል ያለው ማን ነው? የእኔ ገና ያኔ ነው የጀመረው። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት። ከአርባው በኋላ ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጀበናዋን ይዛ ትመጣ ጀመር። አቦሉን ትቀዳና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤ «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደዎት?» አልወሰደኝም እላታለሁ። «አብሽሩ ጋሼ» ትላለች። ቶናውን ትቀዳለች። አንዳንድ ቀን በረካው እስኪወጣ ሁለታችንም ሌላ ቃል አንናገርም። ይህ ወደ አራት ወር ገደማ ቀጠለ።

«አብሽር» የምትለዋን ቃል እኛ ወሎዬዎች እንደ ውኃ ነው የምንጠጣት። ከዓረብኛ የመጣች ናት፤ የምሥራች ይሁንልህ እንደማለት ነው። በእኛ ግእዝ «ብሥራት» የምንለው ቃል ሥሩ ከእሷ ጋር አንድ ነው። ገብርኤል ለእመቤታችን ያመጣት ቃል ማለት ነው። ያቺ ሴት ጠዋት ጠዋት ብሥራት ታመጣልኝ ነበር። እሷም እንዲህ አስባው አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ከእሷ የተማርኩት መመለስን ነው። አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ ከጠፋችሁ፣ በእውነት ባትሄዱ ይሻላል። (ፎቶውንማ ጨርሶ ተዉት። በሽተኛ ጌጥ አይደለም።)

ያ ደጉ ሳምራዊ ያለፈበት መንገድ ሐረጎን ይመስለኛል። «አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ወረደ» ሲባል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በዓይኔ የሚመጣው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው የ25 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው። ሳምራዊው ለቁስለኛው የተናገረው አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም። ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረው፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ሁለት ዲናር ከፈለ። የተናገረው ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ነው። ያም «ስመለስ» የሚል ቃል አለበት። ይህን ታሪክ የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፤ እሱም ባለ መድኃኒት ነበር። የሙያ ባልደረባዬ ብዬ አንዳንዴ እኮራበታለሁ።

መድኃኒት ካነሣን አይቀር፦ ማንንም ሰው «እምነት ካለህ ኪኒኑን ተው» አትበሉ። የቲቢም ይሁን የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪም ይሁን የአእምሮ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም የኤችአይቪ መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል፤ ከፓትርያርኩ በላይ አትቀድሱ። ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት «መኖር አስጠላኝ» ካለቻችሁ ደግሞ ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙት። ብቻዋን አትተዉአት። ያን ዕለት ለነርስ ወይም ለሐኪም ተናገሩ።

ታዲያ ስለ ተስፋችን መቼ ነው የምንናገረው ትሉኝ ይሆናል። ጴጥሮስ «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ» መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል፤ በየዋህነትና በፍርሃት። ስትመላለሱ ይጠይቋችኋል። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቅዳሜ አንዱ «እናንተ ልጆች ምን አግኝታችሁ ነው የምትመላለሱት?» ይላችኋል። ያኔ አትፈሩ። ክርስቶስ ሞቶ እንደተነሣ ተናገሩ። ሲነሣ ደግሞ የችንካሩን ምልክት ይዞ እንደተነሣ፣ ቶማስንም «ጣትህን አምጣ» እንዳለው። ነገ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ይሆናል ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። እኔ ይድናል ያልኩት አጥንት ተጣሞ የገጠመበት ጊዜ አለ። በራሳችሁ ላይ የደረሰ ካለ እሱን ተናገሩ። ከሌለ ደግሞ ከሌላ ሰው አትበደሩ፤ በሽተኛ የተበደራችሁትን ወዲያው ያውቃል።

ጡረታ ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ ከኩታበር አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጀሶዋን ልትፈታ መጣች። መፍቻዋ መጋዝ ጩኸቷ ያስፈራል። ቆዳ ግን አትቆርጥም፤ እየተንቀጠቀጠች ጠንካራውን ብቻ ነው የምትከፍተው። (እቤት እንዳትሞክሩ፤ አያያዙን ካላወቁት ታቃጥላለች።) ልጅቷ መጋዟን ስታይ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። እናቷ ተቆጣቻት። «አይዞሽ አያምም» አልኳት፤ አላመነችኝም። ልክ ነበረች፤ ያን ቃል መርፌ ሲወጓትም ብለዋት ይሆናል። መጋዟን አስነሣሁና የራሴ መዳፍ ላይ አደረግኳት።

መዳፌን አየች። ቀና ብላ ፊቴን አየች።

«አመመህ?»

«ይነዝረኛል። አልቆረጠኝም።»

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት። እንደገና ድገመው አለች። ደገምኩት። በር ላይ ወረፋው ረዝሟል፤ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። አራተኛውን ስጨርስ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እጇን ከጀርባዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።