ለኮርቲሶል መብዛት ኪኒን ይበቃል ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽልን እህታችን፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ፊታቸው ክብ ሆኖ አብጧል፣ ስኳርና ደም ግፊት ተከታትለው መጡ፣ ሐኪሙም ኮርቲሶል የሚባለው የሰውነት ሆርሞን በዝቷል፣ ሕመሙ ኩሺንግ ይባላል አለን ብለሻል። «በኪኒን ይድናል ወይስ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ታላቅ እህቴ እታለም በዚሁ ሕመም ስታልፍ ያስታመምኳት እኔ ነኝ።

መልሱን የሚወስነው ኮርቲሶሉ የመጣበት ቦታ ነው። እናትሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አውጥተሽ እዪ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ብለው ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ? ዴክሳሜታሶንስ? ፊት የሚያቀላ ቅባትስ ይቀባሉ? ከሁሉም በላይ ኩሺንግን የሚያመጡት እነዚህ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ነገር፣ ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ከሆነ ሕክምናው መድኃኒቱን መቀነስ ነው። ግን እባክሽ በአንድ ቀን እንዳታስቆሚያቸው! ከኩላሊት በላይ ያለው፣ ኮርቲሶልን የሚሠራው አድሬናል ሥራ ፈትቶ ስለቆየ ቶሎ አይነሳም። በድንገት ማቆም ሕይወት ያሳጣል። ሐኪሙ ቀስ እያለ ያውርድላቸው።

እንዲህ ያለ መድኃኒት ካልወሰዱ ምርመራው ይቀጥላል። ለእታለም የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቀመ። ሌላ ቀን ማታ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ውጣ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ደም ሰጠች። ቀጥሎ ኤሲቲኤች የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ አድሬናሉን ኮርቲሶል ሥራ ብሎ የሚያዘውን ሆርሞን ይለካል። እሱ ዝቅ ካለ ችግሩ አድሬናሉ ላይ ነው፤ ዝቅ ካላለ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ነው። የእሷ ከፒቱታሪ ሆነ። ካንሰር ያልሆነች ትንሽ እጢ ናት። «ጭንቅላት» ሲባል ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ግን የራስ ቅል አልተከፈተም፤ አዲስ አበባ ወስደናት በአፍንጫ በኩል ገብተው አወጡላት። እጢው አድሬናል ላይ ቢሆን ኖሮ የታመመው አድሬናል ብቻ ይወጣል።

ኪኒኑስ? እታለም ቀዶ ሕክምናውን እስክትጠብቅ ኬቶኮናዞል ወስዳለች። ኮርቲሶሉን ይይዛል፣ እጢውን ግን አያጠፋውም። ጉበት ስለሚጎዳም በየጊዜው ደም ይታያል። እጢው ተመልሶ ከመጣ ወይም ጨርሶ ካልወጣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም መድኃኒት ይታሰባል፤ ጨረሩ ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል።

ሰው የማይነግርሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እታለም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የባሰባት መሰለን። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ምግብ መጥላት። ጎረቤቱ ሁሉ «አበላሿት» አለ። አልተበላሸችም። ሰውነቷ የለመደውን ብዙ ኮርቲሶል በአንዴ ማጣቱ ነው። ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ፣ የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል ኪኒን ይወስዳል። ኪኒኑ ጠዋት እንደተነሱ ነው የሚዋጠው። እናትሽ እንደ ሀገራችን እናቶች ጿሚ ከሆኑ እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ማለታቸው አይቀርም። እኛ የነፍስ አባቷን አስቀድመን አነጋገርናቸው፤ «መድኃኒትሽን ውሰጂ» ብለው ገላገሉን። ትኩሳት ሲይዛቸው ኪኒኑ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ሐኪሙን ጠይቀሽ በወረቀት አጽፊ። እያስመለሳቸው ኪኒኑ አልረጋ ካለ ደግሞ ቤት አትቆዩ። ለመርፌ ቶሎ ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ስቴሮይድ ላይ መሆናቸውንም ገና በር ላይ ተናገሪ።